ለተጠርጣሪው የወሰድሁት ሽሮ

የካቲት 3

ባሲማ ጻፊ ስላለችኝ ነው። ጅዳ ሆና በስልክ «እማ፣ በየቀኑ አንድ ነገር ነው የምትነግሪኝ። እሱን ጻፊውና ስንደዋወል ሌላ እናውራ» አለችኝ። ሌላ የማወራው የለኝም። ቢሆንም ደብተርና እስክሪብቶ ገዛሁ። ትምህርት ያቆምሁት ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለሆነ እጄ ቀርፋፋ ነው።

ልጄ ሳዲቅ ሞተ። ይኸው ጻፍሁት።

ከመካነ ሰላም ወረኢሉ በሚሠራ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር። ጥር ማለቂያ ላይ፣ ጠዋት፣ መነኸሪያ ቆመው ሰው ሲጠብቁ ቦምብ ተወረወረ። የወረወረውን ሁሉም ሰው አይቻለሁ ይላል። አንዱ ረጅም ነው ይላል፣ አንዱ አጭር ነው ይላል፣ አንዷ ደግሞ ሴት ናት ብላ ድርቅ አለች።

ለዛሬ ይበቃል። ጣቴ ዛለ።

የካቲት 5

ሀቢቡላህን ያዙት። የኑርጃን ልጅ ነው፣ የጎረቤቴ። በኔና በሷ መካከል ያለው አጥር ብቻ ነው። አምና ከሳዑዲ ተጠርዞ የመጣ፣ የሳዲቅ ጓደኛ፣ በሱ ሚኒባስ ወረኢሉ ለቀን ሥራ የሚመላለስ። አሸባሪ ነው አሉ።

የጠረጠሩት ለቅሶ ባለመድረሱ ነው። እዚህ አገር ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ጠላት እንኳ ይመጣል፤ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል።

እኔ በሦስተኛው ቀን «ሀቢቡላህ አልመጣም እንዴ?» ብዬ ጠይቄያለሁ። ጠየቅሁ እንጂ ሌላ ምንም አላልሁም። ጥያቄው ግን ከድንኳኑ ወጥቶ ሄደ። ለዙሁር ሶላት «እናትየው ጠርጥራዋለች» ሆነ። ለአስር «እናትየው በዓይኗ አይታዋለች» ሆነ። ለመግሪብ ፖሊስ ኑርጃን ቤት ነበር።

እኔ የጠየቅሁት ብቻ ነው።

የካቲት 6

ወንፊቴ ኑርጃን ቤት ነው። አሸባሪ ቤት ያለ ወንፊት እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?

የካቲት 9

እንዳልካቸው የሚባል የጸጥታ ሰው ቤቴ መጣ። ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለና ካልሲው መቀደዱ ትዝ ሲለው መሰለኝ ቀና ብሎ ደጃፍ ላይ ቆሞ አወራኝ። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር በዱላ ጫፍ አንጠልጥሏል፣ እባብ የገደለ ይመስል።

«ይህን ያውቁታል፣ እናት?»

«ሪሞት ነው።»

«የምን?»

«የቴሌቪዥን ይሆናላ።»

«ኑርጃን ቤት ቴሌቪዥን አለ?»

«የለም።»

«እህ!» አለ። ባሲማ ያን ጊዜ በቪዲዮ ደወለች፣ ኔትወርክ የነበረበት ቀን ነው። ሪሞቱን አሳየኋት። ሳቀች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። «እማ፣ የኤሲ ነው እኮ! የቤት ማቀዝቀዣ!» እሷ ስትነግረን፣ ለካ ሀቢቡላህ ጅዳ ሲያዝ የአሠሪውን ክፍል ሊያቀዘቅዝ ሪሞቱን በእጁ ይዞ ነበር። እንደያዘው አውሮፕላን ላይ ጫኑት። ከአራት ዓመት ሥራ ይዞ የገባው እሱን ብቻ ነው።

እንዳልካቸው ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ በብርዱ ቆሞ ሰማ። «ማቀዝቀዣ? እዚህ? ይባስ!» አለ። «መካነ ሰላም ላይ ማቀዝቀዣ የያዘ ሰው አንድ የሚደብቀው ነገር አለው።»

ሲሄድ ዱላውን ከራሱ አርቆ ነው የያዘው።

የካቲት 12

እንቅልፍ የለኝም። ያን ጠዋት እያሰብሁ ነው።

በር ላይ ተቀምጬ ስንዴ እየለቀምሁ ነበር። ሳዲቅ ከወጣ ቆይቷል። ኑርጃን እንደ ልማዷ ትጮኻለች። «ተነስ አንተ ግንድ! መኪናው ጥሎህ ሊሄድ ነው!» ከዚያ ከመነኸሪያው በኩል ያ ድምፅ መጣ። ዶሮዎቹ አጥር ላይ ወጡ።

ኑርጃን በየቀኑ ትጮኻለች። የሌላ ቀን ጩኸት ይሆናል። ሰው ሲያዝን ቀን ይምታታበታል።

የካቲት 15

ሸህ ሱሌማን ሊያጽናኑኝ መጡ። የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ቁርአን ያስቀሩ እሳቸው ናቸው፣ የሳዲቅንም፣ የሀቢቡላህንም ጀርባ ዱላቸው ያውቀዋል። እንዳልካቸውም መጣ፣ ዛሬ አዲስ ካልሲ አድርጎ ስለነበር ገባ።

«ሸሁ፣ እርስዎም ይምከሯቸው» አላቸው። «ለአሸባሪ ፍርድ ቤት ማለት ሕግ ማባከን ነው። ሕግ ለሰው ነው።»

ሸሁ ሻያቸውን አስቀመጡ። «አብሽር ልጄ። እኔ አርባ ዓመት ልጅ መትቻለሁ። ሳላስቀራ የመታሁት ግን የለም። መጀመሪያ ቅራ፣ አንብብ እለዋለሁ። ሲስት እመታዋለሁ። መጀመሪያ ከመታሁት መሳቱን በምን አውቃለሁ?»

«ይህ የቁርአን ቤት አይደለም፣ ሸሁ። ይሄኛው ቦምብ የሠራ ነው።»

«ሀቢቡላህ?» አሉ ሸሁ። «አሊፍን ከባ ለመለየት ሁለት ክረምት የፈጀ ልጅ ነው። ቦምብ ሠራ ካላችሁኝ እኔ የማዝነው ለቦምቡ ነው።»

ሳቅሁ። ሳልፈልግ። ከዚያ በሳቄ አፈርሁና ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ስመለስ ሁለቱም ስለ ዝናብ እያወሩ ነበር።

የካቲት 20

ኑርጃን ልጇ ከታሰረበት በር ተከለከለች። እንዳልካቸውን «እናትህ ስትወልድህ እኔ ብኖር አፍህን እሰፋው ነበር» አለችው አሉ። ምግቧን ይዛ ሄዳ ነበር፣ ይዛ ተመለሰች። ትናንትም፣ ዛሬም። በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። ሆን ብዬ አላየሁም፣ ቀዳዳው እዚያ ነው ያለው።

ታዲያ ልጁ ምን ይበላል? በረሃብ ቢሞት ማን ይመልስልኛል? እኔ ከአፉ መስማት የምፈልገው ነገር አለ።

የካቲት 24

ረመዳን ከገባ ሦስተኛ ቀኑ።

ትናንት ማታ የሠራሁት ዶሮ ተርፎኝ ነበር። ዶሮ ብቻዬን አልጨርስም። ስለዚህ ወሰድሁለት። በር ላይ ያለው ፖሊስ ስሙም ያለው ነው፣ ቀጭን፣ የወረኢሉ ልጅ።

«ለማን ነው እትዬ?»

«ለሀቢቡላህ።»

«ምኑ ነዎት?»

«የሟች እናት።»

ሳህኑን አየ። እኔን አየ። ሳህኑን አየ።

«ይቅመሱ።» ደንቡ ነው፤ ለእስረኛ ምግብ ያመጣ ሰው በር ላይ ሳይቀምስለት አይገባም።

«ፆመኛ ነኝ።»

«እንግዲያው አይገባም።»

«አንተ ቅመሰው።»

«ዶሮ እኮ ነው! በሁዳዴ ዶሮ ልታስበሉኝ ነው?»

«ሌላ ፖሊስ ጥራ።»

ጠራ። የመጣው እስላም ነው፣ እሱም ረመዳን ይዟል። ሦስታችን ሳህኑን ከበን ቆምን። ዶሮው ይሸታል። እንዴት እንደሚሸት አልጽፍም፣ ፆም ነው።

ያለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ በፈጠረዎት፣ የጨመሩበት ነገር አለ?» አለኝ።

«ጨው አብዝቼ ይሆናል» አልሁት።

ሊስቅ ብሎ ደነገጠ። መግሪብ ድረስ ልጠብቅ ብል የሱ ተራ አሥራ አንድ ሰዓት ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ምግብ አይገባም። ሳህኑን ይዤ ተመለስሁ።

ኑርጃን አጥሯ ላይ ቆማለች። ልጇ ከተያዘ ወዲህ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ሳህኑን አየችው።

«ምን ሠርተሽለት ነው?»

«ዶሮ።»

«ዶሮ አይወድም» አለች። «እሱ ሽሮ ነው የሚወድ።» ገባች።

አሁን ይህ ምስጋና ነው?

የካቲት 26

ነገሩን አሰብሁበት። ፖሊሱ ያለው ፆም የሚፈታው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፣ ያለ ቅቤ። ሀቢቡላህ የሚያፈጥረው መግሪብ ነው። ስለዚህ በዘይት ሽሮ ሠራሁ፣ ከዘጠኝ በኋላ ወሰድሁ። ለእስላም እስረኛ ክርስቲያን ፖሊስ የሚቀምሰው የፆም ወጥ። እናቴ ብትሰማ ከመቃብሯ ተነስታ ትስቅ ነበር።

ያለው ሦስት ጉርሻ ቀመሰ።

«አንዱ አይበቃም?»

«መርዝ አንዳንዴ ታች ነው የሚዘቅጥ፣ እትዬ።»

ምግቡ ገባ። ያለው ተራው ቢያልቅም መግሪብ ድረስ ቆይቶ ባዶ ሳህኑን ሲያመጣልኝ «ምን አለ?» አልሁት።

«ማን ሠራው አለ። ነገርሁት። አልበላም ብሎ ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያ በላ።»

የካቲት 30

ያለው እጁን ታጥቦ በር ላይ ይጠብቀኛል። ዛሬ «ቃሪያ ቢኖርበት» አለኝ።

ኑርጃን በአጥሩ ላይ በርበሬ ሰጠችኝ። ወንፊቴንም። ስለ ልጇ አላነሳችም፣ እኔም ስለ ልጄ አላነሳሁም። ስለ ወንፊቱ ግን ብዙ አወራን።

መጋቢት 2

እንዳልካቸው መጣ። ተቆጥቷል። ሽሮውን ሰምቷል።

«እናት፣ የልጅዎን ገዳይ ይቀልባሉ?»

«እሱ መሆኑ ተረጋገጠ እንዴ?»

«ማክሰኞ ወደ ሌላ ቦታ ይጫናል። ከዚያ ያለቀ ነው።» የት እንደሆነ አልነገረኝም። እዚያ የሄደ ሰው በምግብ ሳህን እንደማይደረስበት ግን አውቃለሁ። «አርብ የከተማው ስብሰባ አለ። የሟች እናት ስለሆኑ እርስዎ ይናገራሉ። የሚሉት ይህን ነው፦ ለአሸባሪ ፍርድ ቤት አያስፈልግም፣ የሕዝብ ፍርድ ይበቃል። ይድገሙት።»

ደገምሁ። እያስጠናኝ ሳለ አንድ ነገር ግራ ገባኝ።

«ፍርድ ቤት የሚያስፈልገው ታዲያ ለማን ነው?»

«ለ... ለሌባ። ለድንበር ገፊ።»

ጥናቴን ቀጠልሁ። ጎበዝ አለኝ።

መጋቢት 4

ከነገ ወዲያ ልናገር ነው፣ አርብ ቀርቧል። ያ የኑርጃን ጩኸት የዚያ ቀን ነው? ሌላ ቀን ነው? ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኛል። ለምን ደስ ይለኛል? አላውቅም።

መጋቢት 5

አርብ የተባለው ነገ መስሎኝ ዛሬ ሆኖ ተገኘ። እንዳልካቸው ራሱ መጥቶ ወሰደኝ፣ ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልለብስ። አሁን ማታ ነው፣ ሁሉንም ልጽፈው።

አዳራሹ ሙሉ ነው። ማይክ ሰጡኝ፣ ጮኸ፣ ሁሉም ጆሮውን ያዘ። እንዳልካቸው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ እንዳልረሳ።

«ለአሸባሪ ፍርድ ቤት አያስፈልግም» አልሁ። አጨበጨቡ። ቀጥሎ ያለውን ልል አፌን ከፈትሁ፣ አልወጣም አለኝ። የወጣው ሌላ ነው።

«ብለው አስጠንተውኛል» አልሁ። ጭብጨባው መሐል ላይ ቆመ። «እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ክንድ ድንበር ስድስት ዓመት ተከራክረውበታል። ዳኛው መጥተው አይተዋል፣ ገመድ ተዘርግቷል፣ ምስክር ምሏል። ለአንድ ክንድ አፈር ይህ ሁሉ ከሆነ ለሳዲቅ ለምን አይሆንም? ልጄ ከአንድ ክንድ አፈር ያንሳል? ሀቢቡላህ ከሆነ ፊት ለፊቴ ይቅረብና ይነገረኝ፣ ይፈረድበትና ይግባ። ካልሆነ ደግሞ ያ የወረወረው ሰው አሁን የት ነው? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሆኖ ሲያጨበጭብልኝ ነበር እንዴ?»

ሰው ሁሉ የጎኑን ሰው አየ። ያጨበጨቡት እጃቸውን ደበቁ።

አንድ ሽማግሌ ተነስተው «እውነቷን ነው! የኔም ድንበር እስካሁን አልተፈረደም!» አሉ። ከኋላ አንዱ «ገፊው እርስዎ ነዎት!» አላቸው። ከዚያ በኋላ ስብሰባው የድንበር ሆነ። እንዳልካቸው «ወደ አጀንዳችን እንመለስ!» እያለ ቆመ፣ ማይኩን የሚመልስለት አጣ። የከተማው ሹም መጨረሻ ላይ ድምፁ እስኪሰማ ጠብቆ፣ ልጁ አይጫንም፣ እዚሁ ፍርድ ቤት ይቅረብ ብሎ ዘጋው። ምሳውን ፈልጎ ይመስለኛል፣ ፆመኛ አልነበረም።

ስወጣ እንዳልካቸው መንገድ ላይ ጠበቀኝ። «ሕግ አለ ተብሎ ቢለቀቅስ? እሱ ሆኖ ቢለቀቅ እንቅልፍ ይወስድዎታል?»

አልፌው ሄድሁ። እንቅልፍ እንደሆነ አሁንም የለኝም።

መጋቢት 11

ፍርድ ቤት።

ዳኛዋ ልጅ እግር ሴት ናት፣ ባሲማን ታክላለች። ሀቢቡላህን አመጡት። ከስቷል፣ ሽሮ ብቻውን ሰው አያወፍርም። እኔን ሲያይ መሬት አየ።

መርማሪው ተጨማሪ ጊዜ ጠየቀ። ሪሞቱ ቀረበ። ዳኛዋ ገለበጠችው። «ተመርምሯል?»

«አደገኛ ስለሆነ አልነካነውም፣ ክብርት ዳኛ።»

የኋላውን ከፈተችው። «ባትሪ የለውም እኮ።»

ሸህ ሱሌማንን ከኋላ ሳል ያዛቸው። ሳል አልነበረም።

«ተጠርጣሪው በዕለቱ የት ነበር?»

«ተኝቼ» አለ ሀቢቡላህ። ኑርጃን ብድግ ብላ «ስጮህበት ነበር!» አለች። ዳኛዋ እናት ለልጇ እንደምትናገር አስረድታ አስቀመጠቻት። «ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?»

እግሬ ተነሳ። እኔ አላነሳሁትም።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«የሟች እናት።»

«የሚናገሩት ለየትኛው ወገን ነው?»

«ለሟች።»

እስክሪብቶዋን አነሳች። «ይናገሩ።»

ተናገርሁ። እዚህ ደብተር ላይ ያልጻፍሁትንም ጨምሬ ተናገርሁ። ኑርጃን «ተነስ፣ መኪናው ጥሎህ ሊሄድ ነው» ስትል እሱ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ምን እንዳላት ሰምቻለሁ። «ሳዲቅ ያስጠብቅልኛል፣ አይሄድም» ነው ያላት። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ።

«ያ ቀን መሆኑን በምን አወቁ?»

«ቀኑን ልረሳው ብዙ ሞክሬያለሁ» አልሁ። «እምቢ አለኝ።»

ኑርጃን ማልቀስ ጀመረች፣ ፖሊሱ ያለው ደግሞ አስለቃሽ የቀረበ ይመስል ባርኔጣውን አወለቀ። ዳኛዋ መዝገቡን ዘጋች። ተለቀቀ።

ሁሉም ያቀፈው እሱን ነው። እኔ ቤቴ መጣሁ።

መጋቢት 13

ለቅሶ መጣ። ይህን ሁሉ ጊዜ ቆይቶ። ጥግ ላይ ተቀመጠ፣ ሻይ አልጠጣም፣ አፍጥሮ ነበር የመጣው ግን አልጠጣም።

«እማ ፈውዚያ፣ መኪናው የቆመው እኔን ሲጠብቅ ነው። ባልተኛ ኖሮ ሄደው ነበር። በምን ዓይኔ ላየዎት? የገደልሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ከአፉ መስማት ነበር የምፈልገው። ይህንኑ። ሽሮ የወሰድሁት እስኪናገረው እንዲቆይልኝ ነው። አሁን ሲለው ምንም አልጣፈጠኝም።

«ቦምቡን ወርውረሃል?»

«ወላሂ አልወረወርሁም።»

«እንግዲያው በእንቅልፍ ማንም አይከሰስም። አንተን በእንቅልፍ ቢከሱህ የዕድሜ ልክ ነው የሚፈረድብህ።»

ሊስቅ ፈልጎ አለቀሰ። እኔም። ሲወጣ «ሽሮው ጨው ይበዛበታል» አለኝ። የናቱ ልጅ።

መጋቢት 21

ዒድ ዛሬ ነው። እንዳልካቸው የጠየቀኝን አሰብሁ። እንቅልፍ ይወስድዎታል ወይ ያለኝን። እስከ ትናንት የምረግመው ሰው ነበረኝ፣ መልኩን አውቀዋለሁ፣ እግሩን ሲጎትት አውቀዋለሁ። ዛሬ የምረግመው የለኝም። ስም የሌለው ሰው መርገም እንዴት ይከብዳል። ሸሁ ለዒድ ሲመጡ ይህንን ነገርኋቸው። «እሱን ለይተሽ እስክታገኚው ዝም ብለሽ ቆዪ» አሉኝ። ዝም ማለት ግን አልችልበትም፣ ሰፈሩ ያውቃል።

መጋቢት 24

ጠዋት ፍርድ ቤት ሄድሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ጸሐፊ «ምን ፈልገው ነው?» አለችኝ።

«ቀጠሮ።»

«የማን ጉዳይ?»

«የሳዲቅ።»

መዝገብ አገላበጠች። «ተጠርጣሪው ተለቋል እኮ፣ እናቴ።»

«እሱ አልነበረም። ያኛው ሲመጣ ለመቼ ነው?»

«ሰው ሳይኖር ቀጠሮ አይያዝም። ተከሳሽ ሲገኝ እንጠራዎታለን፣ ቤትዎ ይጠብቁ።»

«ቤቴ ብቻዬን ነኝ» አልሁ። «እዚህ ብጠብቅ ይሻለኛል።»

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥሁ። ብርድ ነው። ጥቂት ቆይቶ ኑርጃን ነጠላዋን አጥብቃ እያጎነበሰች መጣች። ምን ልትሠራ እንደመጣች አልጠየቅኋትም። አጠገቤ ተቀመጠች።

ጸሐፊዋ አንገቷን በመስኮት አወጣች። «እርስዎስ፣ እናቴ? የማን ጉዳይ?»

«የሷ ልጅ ጉዳይ» አለች ኑርጃን። «ገፋ በይ ፈውዚያ፣ አግዳሚው ያንቺ ብቻ አይደለም።»

ገፋ አልሁላት።